መምህርቷና ሰላም፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን መምህራን እህቶቼ የሚጠይቁኝ ስለ ሰዋስው አይደለም። በእረፍት ሰዓት፣ ለቅሶ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር የሚያነሡት የሰላምን ነገር ነው። በየሰፈራችን ምን እናድርግ? ከየት እንጀምር? ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። ሰብሰብ አድርጌ እዚህ ልመልሳቸው።

መምህርት ስለ ሰላም ምን አገባት? ሥራዋ ማስተማር አይደለም ወይ?

ማስተማር ነው። ግን ጠዋት ስም ስትጠሪ የምታውቂውን አስቢው። ስም ጠርተሽ «አቤት» የሚል ከጠፋ የሆነ ነገር አለ። አባት ታስሮ ይሆናል። ቤተሰቡ ሌሊት ለቆ ወጥቶ ይሆናል። ለልጅቷ ሽማግሌ ተልኮ ይሆናል። ቀበሌው ይህን የሚሰማው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ከሰማም። የሰፈር ሽማግሌም እንደዚያው። አንቺ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አውቀሻል።

እኔ ሰላም የምለው ትልቅ ነገር አይደለም። ተኮራርፈው የከረሙ ሁለት እናቶች ቦኖ ላይ አንድ ወረፋ ሲይዙ ሰላም ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሳይሮጥ ሲሄድ ሰላም ነው። ይህ ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየው ክፍል ውስጥ፣ ባዶ ወንበር ላይ ነው። ያንን ወንበር ከመምህርቱ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሰላም ስንል ፖለቲካ አይሆንብንም? ወገን የያዝን አይመስልም?

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን ግጭት ውስጥ ገብቷል። በዚያው ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ባሕር ዳር ውስጥም ተኩስ ሰምተን ልጆቻችንን ወለል ላይ አስተኝተናል። የተገደሉ መምህራን አሉ። የታሰሩም፣ የታገቱም አሉ። ስለዚህ ፍርሃትሽ ትክክል ነው።

እኔ የምጠነቀቅባቸውን ልንገርሽ። የማንንም መልእክት ለማንም አላደርስም፤ በቃልም በወረቀትም። የልጆችን አባቶችና ወንድሞች የት እንዳሉ አልጠይቅም። ልጁ ራሱ ከነገረኝ እሰማለሁ፤ ከእኔ ግን አይወጣም። በክበብ ቃለ ጉባኤ ላይ ያዘነን ወይም የተጣላን ልጅ በስሙ አልጽፍም። «አንድ ተማሪ» ይበቃል። ፎቶ አላነሣም። ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ምን ያህል እንደሚሄድ ሁላችንም አይተናል። ስንሰበሰብ በቀን ነው፤ በር ተከፍቶ፣ ሰው እያየ። ርዕሰ መምህሩ ወይም ርዕሰ መምህርቷ ሳታውቅ ምንም አልጀምርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝም ማለት የሚሻልበት ቀን ከመጣ ዝም በዪ። ይህ ፍርሃት አይደለም። ነገ ክፍል ውስጥ መገኘትሽ ለልጆቹ ዛሬ ከምትናገሪው ንግግር ይበልጣል።

ሴት መሆኗ ምን ይጨምራል? ወንድ መምህርስ አይችልም?

ይችላል። የማይገባበት ጓዳ ግን አለ።

ዓባይ ማዶ የምትኖር የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረችን። ጎበዝ ናት፤ ድንገት ሁለት ሳምንት ቀረች። ወንድ ባልደረባችን ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄደ። ሁለቴም «ታማለች» ተብሎ ከደጅ ተመለሰ። ቅዳሜ እኔ ሄድኩ። እናትየዋ ቡና አፈላች። አቦሉን ስንጠጣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። ቶናው ላይ ስለ ጉልበት ሕመሟ አወራችኝ። በረካው ሲደርስ ሲኒዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «መንገድ ላይ እየጠበቁ ያስቸግሯታል» አለች። ማን? የጎረቤት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር። ለምን? ሁለቱ ቤቶች በአጥር ተጣልተዋል። ትልልቆቹ መነጋገር ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠባቸው ዞሮ ዞሮ ልጅቷ ላይ አረፈ።

ልጁንም አስተምሬዋለሁ። እናቱን በእድር አውቃታለሁ። መጀመሪያ ያደረግነው ልጅቷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እንድትመላለስ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን እናቶች በሌላ ጎረቤት ቤት፣ ለዕርቅ ሳይባል፣ ለቡና ብቻ አገናኘናቸው። በሦስተኛው ቡና ላይ ተነጋገሩ። ልጁን የቀጣችው የገዛ እናቱ ናት። አጥሩ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ልጅቷ ግን ሚኒስትሪ ተፈትና አለፈች።

ወንዱ ባልደረባችን ስላልፈለገ አይደለም የተመለሰው። በረካው ላይ ስላልደረሰ ነው።

ሽምግልና የወንድ አይደለም ወይ? ማን ይሰማናል?

ሽማግሌ ሲባል ጋቢ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ ወንድ ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። እውነትም ዛፍ ሥር የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቀውም፣ ይቅር የሚለውም ወንድ ነው። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ያደገ ሰው ደም የሚያቃጥለውም የሚያበርደውም ከየት እንደሚነሣ ያውቃል። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ «ወንድ የለም ወይ» ብላ ከገጠመች፣ ሽማግሌ አሥር ጊዜ ቢመላለስ ልጁ ጠመንጃውን አያስቀምጥም። እናት በየቀኑ የሟችን ልብስ እያወጣች ካሳየችው ዕርቁ ወረቀት ላይ ይቀራል። እሷ «በቃኝ፣ ሌላ ልጅ አልቀብርም» ካለች ደግሞ ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ ሴቶች ዕርቁ ውስጥ አሉ። የሌሉት ስብሰባው ላይ ነው።

ታሪካችንም ይህን ያውቃል። በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ቋራጣ አለ። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ነው። የኖረችው ከ1592 እስከ 1642 እ.ኤ.አ. ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ባሏ ከንጉሡ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበር። ትታው ወጣች። ጦር አላሰለፈችም። እየዞረች አስተማረች፤ ተጋዘች፤ ተሰደደች። የተሰደዱትን ሰብስባም በጣና ዙሪያ ማኅበር አቋቋመች። ጀልባ ላይ ሆኜ ያንን ዳርቻ ሳይ፣ እኛ የምንጀምረው ከባዶ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ከመምህራን ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አሉ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ በተደረገው ምርጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ተነሥተው ነው እዚያ የደረሱት።

እንዴት ትገቢያለሽ? «ሽማግሌ ልሁን» ብለሽ አትጀምሪ። «የልጆቹ መምህርት ናት፣ እሷም ትኑር» ተብለሽ ስትጠሪ ሂጂ። መጀመሪያ ጊዜ አዳምጪ። በሁለተኛው ስለ ልጆቹ ብቻ ተናገሪ። ማንም አይቃወምሽም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በሽምግልና አይያዝም። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቶታል። ሽማግሌ ሰብስቦ ካሣ ማስቀበል ቀዳዳውን መልሶ መክፈት ነው። ልጅቷን በመጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ይከተላሉ። ልብሷን እንዳታጥብ ንገሪያት።

ከየት ልጀምር? ገንዘብም ጊዜም የለኝም

ገንዘቡን ተዪው። ለዚህ ሥራ ቡናና ወንበር ይበቃል። ጊዜው ግን እውነት ነው። በፈረቃ የምታስተምር፣ ቤት ገብታ እንጀራ የምትጋግር ሴት ትርፍ ሰዓት የላትም። ስለዚህ አዲስ ነገር አትፍጠሪ። ያለው ላይ ጨምሪ።

ሦስት ሁኑ። አንዷ ስትታመም ሁለት ትቀራላችሁ። ከዚያ ያሉትን ቦታዎች እዩ። ወተመህ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ አለ፤ ወላጅ የሚሰበሰብበት ነው። ስለ ቆርቆሮና ስለ አጥር ከተወያያችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ለቀሩ ልጆች ይሰጥ። የልጃገረዶች ክበብ አለ። እድር አለ። ማኅበርና ሰንበቴ አለ። የሙስሊም እህቶቻችንም የራሳቸው ጀመዓ አላቸው፤ አብረን እንድንመጣ ሲጠሩን ደስ እያለን ሄደናል።

ብዙዎቻችን የተማርነው ፔዳ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ግቢ፣ ነው። ያ ግቢ መምህራን ማሠልጠን ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እና ዘጌም ብትሄጂ፣ ደቅ ደሴትም ብትሻገሪ፣ ከአንድ ዶርም የወጣች መምህርት አታጪም። ያንን ትውውቅ ተጠቀሚበት። እኛ ያለ ስብሰባ፣ በስልክ ብቻ ነው የምንረዳዳው።

ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

አማርኛ ለምታስተምር መንገዱ ቅርብ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ማን ተናገረው? ለማን ጠቀመ? እላለሁ። መጀመሪያ ወንዶቹ ይስቃሉ። ቀጥሎ አንዷ ሴት «እናቴ ናት ቤታችንን የምታስተዳድረው» ትላለች። ያኔ ሳቁ ይቆማል። ከዚያ ሌላ ተረት ከቤት ይዘው እንዲመጡ አዛለሁ፤ ሰው ስለሚያስታርቅ ተረት። አያቶቻቸውን ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥሩ ነገር ይዘው ይመጣሉ።

ሚኒ ሚዲያም ትልቅ መሣሪያ ነው። ለምን ወንዶች ብቻ ማይክ ይይዛሉ? ተራ ይግባ። ሐሜትና ወሬ ሲነሣም ልጆቹ ራሳቸው «ይህን ማን አየ? ማን ሰማ?» ብለው እንዲጠይቁ ማስለመድ ነው። በፌስቡክና በቲክቶክ የሚናፈሰውን ሁሉ አምኖ የሚጣላ ልጅ በዝቷል።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የምሳ ዕቃው ነገር ነው። ጣና ዳር የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አለ። ሐይቁን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሌላው ሕዝብ ግን ለዘመናት አብሯቸው አይበላም ነበር። ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ። ይህ አድልዎ ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል። ልጆች ምሳ ሲበሉ ክብ ይሠራሉ። አንዲት የነገደ ወይጦ ልጅ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ብቻዋን ትበላ ነበር።

ባልደረባዬ አንድ ቀን የራሷን ምሳ ዕቃ ይዛ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። ንግግር አላደረገችም። ማንንም አልገሠጸችም። ከልጅቷ ምሳ ዕቃ ቆርሳ በላች። ከራሷ ደግሞ አጎረሰቻት። ክፍሉ ሁሉ ፀጥ ብሎ አየ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሴት ልጆች መጥተው ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ መምህርቷ ሌላ ቦታ መቀመጥ ጀመረች፤ ቦታዋ ተይዟልና።

ስለ እኩልነት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ባስተምር ያንን አላመጣም ነበር።

ተማሪዬ ልትዳር ነው ብዬ ከጠረጠርኩ ምን ላድርግ?

ወቅቱን እወቂ። በእኛ አካባቢ ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ነው። ከፋሲካ በኋላም አለ። ስለዚህ የምትነቂው ጥር ላይ ከሆነ ዘግይተሻል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌ ይላካል፤ ጌሾ ይገዛል፤ ብቅል ይበቅላል። ድግሱ «ማኅበር ነው»፣ «ክርስትና ነው» ሊባልም ይችላል። ልጅቷ ፀጥ ትላለች። ደብተሯን ለጓደኛዋ ከሰጠች ጊዜ የለሽም።

መጀመሪያ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግሪያት። የምትፈልገውን ከአፏ ስሚ። ከዚያ ወላጆቿ ጋ ሂጂ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ክፋት አይደለም። ድህነት ነው። «መንገድ ላይ ትደፈርብኛለች» የሚል ፍርሃት ነው። በግጭቱ ጊዜ ይህ ፍርሃት በርትቷል። ስለ ውጤቷ ንገሪያቸው። ከማን ጋር እየተመላለሰች መማር እንደምትችል አብራችሁ አስቡ።

ሕጉንም ሳታስፈራሪ ንገሪያቸው። በፌዴራሉም በክልላችንም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት 13 ዓመት የሞላትን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ማግባት እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ነው። እምቢ ካሉ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይነገራል። ይህን ብቻሽን አታድርጊው። ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ያድርገው። ሰፈር ውስጥ «ሰርጉን ያስቆመችው እሷ ናት» ተብላ የምትጠቆም መምህርት እንድትኖር አልፈልግም።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከሆነስ?

በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሕንፃው ቢዘጋም ግን መምህርነትሽ አልተዘጋም። ሦስት አራት የጎረቤት ልጆች በረንዳሽ ላይ ተቀምጠው ቢያነቡ ትምህርት ነው። ሰሌዳ አታቁሚ፤ ደወል አትደውዪ፤ ትምህርት ቤት ከፈተች አያስብልሽ። ያነበበ ታላቅ ለታናሹ ያንብብ። ይበቃል።

ልጆቹ ያዩት ነገር ከብዷቸዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን ላድርግ?

ሐኪም መሆን አይጠበቅብሽም። «ምን አየህ? ንገረኝ» ብለሽ አታስጨንቂው። ሲፈልግ ይናገራል። ለተረበሸ ልጅ ትልቁ መድኃኒት ነገ ምን እንደሚሆን ማወቁ ነው። በሰዓቱ ግቢ። ስሙን ጥሪው። የት እንደሚቀመጥ ይወቅ። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ ልጅ ካለ በሩ ሥር ጨርቅ አድርጊ። እኛ ያረጀ ነጠላ አድርገናል።

ካልተኛ፣ ካልበላ፣ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ግን ለወላጆቹ ንገሪያቸውና ሐኪም ቤት ይታይ። ጠበል መውሰድ የሚፈልጉ ወላጆችን አልከለክልም። «ሁለቱንም አድርጉ» ነው የምላቸው።

ባለቤቴና ወንድ ባልደረቦቼ ባይደግፉኝስ?

ለባለቤትሽ ከመጀመሪያው ንገሪው፤ ከሰው አይስማ። ወንድ ባልደረቦችን ደግሞ ሥራ ስጫቸው። ወንዶቹን ልጆች ከእነሱ የተሻለ የሚያነጋግር የለም። እኛ ጋ በጣም ያገዘን የስፖርት መምህሩ ነው፤ ቡድን ሲመድብ የተጣሉትን ሆን ብሎ አንድ ቡድን ውስጥ ያደርጋቸዋል።

እኔንስ ማን ያግዘኛል?

ይህን ጥያቄ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ደመወዛችን ከወር ወር አያደርስም። አንዳንድ ቦታ ጭራሹን ዘግይቶ ይመጣል። ያም ሆኖ ሰው ሲሞት፣ ልጅ ሲጠፋ፣ የሚደወለው ለእኛ ነው።

አንድ ጊዜ ሴቶች በሰላም ግንባታ ስላላቸው ሚና ሊወራ ተጠርተን ሄድን። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እኛ አራት መምህራን ቡና እንድናቀርብ ተጠየቅን። አቀረብን። ቤቴ ስገባ አለቀስኩ። የሰፈሩን ጠብ ሁሉ በስም የምናውቀው እኛ ነበርን፤ ማንም አልጠየቀንም።

ከዚያ ወዲህ ስንጠራ አስቀድመን እንጠይቃለን፦ ለመናገር ነው ወይስ ለመቀመጥ? መብታችንም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1325 ጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ፣ ሴቶች በሰላም ውሳኔ ላይ ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ነው የጠየቀው። የአገራችንም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። ይህን በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። እኔ ይዣለሁ።

እርስ በርስም እንደጋገፍ። በወር አንድ ቀን አራታችን እንገናኛለን። ስለ ማንም ልጅ አናወራም። ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እንበላለን።

ሥራችን ለውጥ ማምጣቱ በምን ይታወቃል?

ሪፖርት የሚፈልጉ ሰዎች ስንት ስብሰባ እንዳደረግን ይጠይቁናል። እኔ የማየው የስም መጥሪያ ደብተሬን ነው። በወሩ መጨረሻ፣ ሳያሳውቁ የቀሩ ልጆችን ስም በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ልጁ ሲመለስ መሥመሩን በላጲስ አጠፋዋለሁ። ባለፈው ወር ሁለት አጥፍቻለሁ። አንዱ ስም ላይ መሥመሩ አሁንም አለ። ቅዳሜ እናቱ ጋ ልሄድ ነው።